ፀሐይዋ ደጃችን ድረስ መጥታ ለምን ትመለሳለች?



የዛሬውን ጽሑፌን በቅርብ በማውቀው አንድ ቤት ውስጥ በሆነ ነገር እጀምራለሁ። ቤቱ በአዲስ አበባ ዳርቻ ካሉት የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች በአንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ ይገኛል። አባትየው መርካቶ ይነግዳል፤ እናትየው ቤት ውስጥ ሆና ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። የመጨረሻው ልጅ ዓመት ከስድስት ወር አልፎት ቆሞ መሄድ ተሳነው። ሊያቆሙት ሲሞክሩ ጉልበቱ ይከዳዋል። የእጁ አንጓ አበጥ ብሏል፤ ጥርሱም ዘግይቷል። አያቱ «ዓይን ነው» አሉ። ጎረቤት «ምች መትቶት ነው» አለ። ቁርአን ተቀራለት፤ ይህ መልካም ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ግን ባለሙያዋ ልጁን ካገላበጠች በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ «ይህ ልጅ ፀሐይ ሞቆ ያውቃል?» ብላ ነበር።

እናትየው መልስ አጣች። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ከቤት የወጣው ለክትባትና ለዘመድ ጥየቃ ብቻ ነበር፤ ያውም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። እሷም ብትሆን ከእሱ የተሻለ አልወጣችም። አባትየው በኋላ ሲያጫውተኝ፣ «እኔ በቀን አምስት ጊዜ መስጂድ ስመላለስ ፀሐይዋን ጠግቤያታለሁ። ቤቴ ውስጥ ግን ፀሐይ የተራበ ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም» አለኝ።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ መልእክት በዚህች ንግግር ውስጥ አለ። ደጅ መዋል፣ አየር መቀበልና ፀሐይ መሞቅ ለጤና እንደሚጠቅም የማያውቅ የለም። በብዙዎቻችን ቤት ግን ይህ ጸጋ እኩል አልተከፋፈለም። አባወራው ይወጣል፤ ተማሪው በመጠኑ ይወጣል፤ እናት፣ ጨቅላ ሕፃንና አቅመ ደካማ አዛውንት ግን ከግድግዳ ውስጥ ይቀራሉ። መፍትሔው ደግሞ ገንዘብም ሆነ ሰፊ ጊዜ የሚጠይቅ አይደለም። የዕለት ሥራችንን ትንሽ ማሸጋሸግ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ፀሐይ ለሰውነታችን ምን ትሠራለች?

አላህ (ሱ.ወ.) የሰውን ቆዳ ሲፈጥረው የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ቫይታሚን ዲ የተባለውን ንጥረ ነገር እንዲያዘጋጅ አድርጎታል። ይህ ቫይታሚን ከሌለ በምግብ ያገኘነው ካልሲየም በሚገባ ወደ ሰውነታችን አይገባም። ሕፃን ልጅ ሲያጣው አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል፣ ጥርስ ማብቀልና መራመድ ይዘገያል፤ ይህ ነው ሪኬትስ የሚባለው። አዋቂ ሰው ሲያጣው ደግሞ የወገብና የዳሌ ሕመም ይይዘዋል፣ ጡንቻው ይዝላል፣ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ስንት እናቶቻችን ናቸው «አጥንቴን ይቆረጥመኛል» እያሉ ዓመታት የሚያሳልፉት! ሕመሙ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው ባይባልም፣ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ይገባል።

«እንግዲያው በምግብ እናገኘዋለን» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ቫይታሚን ዲ በተፈጥሮ የሚገኝባቸው ምግቦች ጥቂት ናቸው። ስብ ያላቸው የዓሣ ዓይነቶች፣ የእንቁላል አስኳልና ጉበት ይጠቀሳሉ። እንጀራችን፣ ሽሯችንና ምስራችን ብዙ በረከት ያላቸው ምግቦች ቢሆኑም ይህን አይሰጡንም። የእናት ጡት ወተትም ለሕፃን ከምግብ ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ቫይታሚን ዲው አነስተኛ ነው። እናትየዋ ራሷ ካጣችውማ ለልጇ ከየት ታመጣዋለች? ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ከነጣ ቆዳ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ፀሐይ ይፈልጋል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር አለ። በመስታወት አልፎ የሚገባው ፀሐይ ያሞቃል፣ ያበራል፤ ቫይታሚኑን የሚሠራውን ጨረር ግን መስታወቱ ያስቀረዋል። ስለዚህ ሕፃኑን በተዘጋ መስኮት ሥር አስተኝቶ «ፀሐይ ሞቋል» ማለት አይቻልም።

የሚገርመው እኮ ፀሐይ በሌለበት አገር አለመኖራችን ነው። በሰሜን አውሮፓ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በክረምቱ ወራት ፀሐይዋ ስለምትደክምባቸው ቫይታሚኑን በክኒን ይወስዳሉ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ለምድር ወገብም የቀረበች ከተማ ናት። ፀሐይዋ ብርቱ ናት። የጎደለው ከደጃፋችን ወጥተን የምንቀበልበት ልማድ ነው።

የደጅ ጥቅም በአጥንት ብቻ አያበቃም። የጠዋት ብርሃን ሰውነታችን ሌሊትና ቀኑን እንዲለይ ስለሚረዳው ማታ እንቅልፋችን የተስተካከለ ይሆናል። የልጆች ዓይንም ከደጅ ይጠቀማል። በቻይና ጓንግዡ ከተማ በ12 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ ጥናት አለ። ከትምህርት ቤቶቹ በግማሹ አንደኛ ክፍል የገቡ ልጆች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ደጅ እንዲያሳልፉ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሩቁን ማየት የተሳናቸው በእነዚህ ልጆች መካከል ከመቶ 30 ገደማ ሲሆኑ፣ ጭማሪው ካልተሰጣቸው መካከል ግን ከመቶ ወደ 40 ደርሰዋል። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት መጥተው በቀጥታ ስልክና ቴሌቪዥን ላይ የሚያፈጡ ከሆነ ይህን ልብ ማለት ይበጃል።

በሱናው ውስጥ ያለው

ይህ ሁሉ ለእኛ ለሙስሊሞች አዲስ ትምህርት ሊሆን አይገባም ነበር። ዲናችን ከቤት የሚያወጣ ዲን ነው። ወደ መስጂድ የሚደረግ እያንዳንዱ እርምጃ ምንዳ እንዳለው ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳንዴ በእግር፣ አንዳንዴ በግልቢያ ወደ ቁባ መስጂድ ይሄዱ እንደነበር ተዘግቧል። ለዒድ ሶላት በአንድ መንገድ ሄደው በሌላ መንገድ ይመለሱ ነበር።

ሴቶችስ? የዒድ ሶላት በሜዳ ሲሰገድ ሴቶችና ልጃገረዶች ሁሉ እንዲወጡ መታዘዛቸው በኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ.) ሐዲስ የታወቀ ነው። በወር አበባ ላይ ያሉት እንኳ ከመስገጃው ራቅ ብለው ከመልካሙ ነገርና ከዱዓው እንዲካፈሉ ታዘዋል። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር በጉዞ ላይ ሳሉ ሩጫ እንደተወዳደሩ ተዘግቧል። ታዲያ ሴት ልጅ ሥርዓቷን ጠብቃ ደጅ መውጣቷን እንደ ነውር የሚቆጥረው አስተሳሰብ ከየት መጣ? ከዲናችን ሳይሆን ከልማዳችን ነው ብል አልተሳሳትኩም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ጥፋቱን በሂጃብ ላይ የሚያሳብቡ አሉ። አዎን፣ ሰውነቷን የተሸፈነች ሴት መንገድ ላይ የሚያገኛት ፀሐይ ያነሰ ነው፤ ይህ የማይካድ ነው። ነገር ግን ሂጃብ የታዘዘው ባዕድ ወንድ ባለበት እንጂ በገዛ ግቢዋና በሴቶች መካከል አይደለም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ለሴቶቻችን ከዓይን የተከለለ፣ ፀሐይ የሚገባበት ቦታ አዘጋጅተናል ወይ?» የሚለው ነው። ቤት ስንሠራ ለመኪና ማቆሚያ እናስባለን፤ ለዚህ ግን አናስብም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የመስጂዱን መንገድ እንጠቀምበት። መስጂዱ የ10 ደቂቃ መንገድ ከሆነ በመኪና መሄድ ለምን? ራቅ ካለም ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀደም ብሎ መውረድ ይቻላል። ለአንድ ሶላት 10 ደቂቃ ሄዶ 10 ደቂቃ የሚመለስ ሰው በሳምንት ሰባት ቀን ቢያደርገው 140 ደቂቃ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ይመክራል። ፈጠን ብለን ከተራመድን አንዷ ሶላት ብቻ እዚያ ደጃፍ ታደርሰናለች ማለት ነው። በገበያ ማዕከል ምድር ቤት ውስጥ ሠርታችሁ እዚያው የምትሰግዱ ነጋዴዎችም፣ ቢያንስ ዙህርን ወይም ዐስርን ወጣ ብላችሁ ስገዱ። ሱቅ ውስጥ የዋለ ሰውም ፀሐይ አላገኘም።

ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ የምንሠራውን ሥራ ደጅ አውጥተን እንሥራው። ምስር መልቀም፣ ስንዴ ማበጠር፣ ልብስ ማጠፍ፣ የልጅ ፀጉር መሥራት ሁሉ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ነው፤ ምንጣፍ ይዞ መውጣት ብቻ በቂ ነው። ልጆች የሐፈዙትን ቁርአን የሚደግሙትም ጥላ ባለበት ደጅ ቢሆን ምን ይጎድላል? ቡናውም እንዲሁ። ከሰል ደጅ ተቀጣጥሎ ደጅ ቢፈላ ሁለት ጥቅም አለው። እናንተ አየር ታገኛላችሁ፤ ቤቱም ከጭሱና ከከሰሉ መርዛማ ጋዝ ይድናል። በዝግ ክፍል የነደደ ከሰል ሰው እንደሚገድል አንርሳ።

ሦስተኛ፣ ጨቅላ ሕፃናትን ፀሐይ እናሙቅ። ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ነፋስ በሌለበት ቦታ፣ እግሩንና እጁን ገልጦ፣ ፊቱን ከፀሐዩ መለስ አድርጎ መያዝ ነው። በጥቂት ደቂቃ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ 20 እና 30 ደቂቃ ማድረስ ይቻላል። ቆዳው ቀላ ካለ ወይም ልጁ ከተቁነጠነጠ ማስገባት ነው። ቅቤ ቀብቶ ማስጣት አያስፈልግም። በጣም ለጨቀሉና ያለ ወራቸው ለተወለዱ ልጆች ደግሞ የቫይታሚን ጠብታ ያስፈልጋቸው እንደሆነ የጤና ባለሙያ ይጠየቅ።

አራተኛ፣ ለሴቶች ቦታ እንከልል። ግቢ ያለው ሰው አንዱን ጥግ በሸራ ወይም በሸንበቆ ቢጋርድ እጅጌን ሰብስቦ፣ ሻሽ አውልቆ ግማሽ ሰዓት የሚቀመጡበት ይሆናል። በረንዳ ያለው ጎኑን በመጋረጃ ይሸፍነው። በኮንዶሚኒየም የምንኖር ደግሞ የሕንፃው እናቶች ተነጋግረው ልብስ የሚሰጣበትን ወይም የጋራ መጠቀሚያ ቤቱን አካባቢ በሳምንት ጥቂት ጠዋት የእናቶችና የሕፃናት መዋያ ሊያደርጉት ይችላሉ። ለመስጂድ ኮሚቴዎቻችንም አንድ ጥያቄ አለኝ። በሱብሂና በዙህር መካከል የመስጂዱ ግቢ ባዶውን ይውላል። አጥር አለው፣ በር አለው፣ ጠባቂ አለው። ከዚህ የተሻለ ለእናቶችና ለልጆች የተጠበቀ ቦታ በሰፈራችን የት ይገኛል? አንዷን ጥግ ከልላችሁ ብትሰጡ ምንዳው የናንተ ነው።

አምስተኛ፣ አዛውንቶችን እናስታውስ። ወንበር በር ላይ ማውጣትና እጅ ይዞ ማድረስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ደጅ የተቀመጠ ሽማግሌ ፀሐይ ብቻ አይደለም የሚያገኘው፤ ሰላምታም ያገኛል። «አሰላሙ ዐለይኩም ሐጂ፣ እንዴት አደሩ?» የምትለዋ ቃል ከመድኃኒት የማትተናነስ ናት።

ስድስተኛ፣ ዐስርና መግሪብ መካከል ያለውን ጊዜ ለልጆች እንስጥ። በአገራችን ይህ ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ልጆች ከመድረሳ ወይም ከጥናት ተርፈው አንዱን ሰዓት እንኳ ደጅ ቢሮጡ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ዕድሜ ልጆች በአማካይ በየቀኑ የሚመክረውን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያገኛሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ልጆችን ወደ ቤት መሰብሰብ ደግሞ ራሱ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር ስለሆነ ሰዓቱ በራሱ የተከለለ ነው። ሴት ልጆቻችንንም ከዚህ ጨዋታ አናስቀራቸው። ወንድሟ ኳስ ሲጫወት እሷ ዕቃ ብቻ እያጠበች ያደገች ልጅ አጥንቷ የሚጠነክርበት ዕድሜ አምልጧታል።

«ግን እኮ…»

«ጊዜ የለኝም» የምትል እህት ትኖራለች። እውነቷን ነው፤ የቤት ሥራ አያልቅም። ለዚህ ነው አዲስ ሥራ ሳልጨምር ያለውን ሥራ ወደ ደጅ አውጡት ያልኩት። ባልም በሳምንት ሁለት ቀን ልጆቹን ይዞ ወጥቶ እሷን ቢያሳርፋት፣ ወይም ልጆቹን ጠብቆ እሷ ከጎረቤቷ ጋር በእግሯ ዞር ዞር ብትል ወንድነቱ አይቀንስም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤት ሥራ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር እያወቅን ምን ያሳፍረናል?

«ያጠቁረኛል» የምትልም አለች። እህቴ፣ አላህ የሰጠሽ ቀለም ውበትሽ ነው። ለማንጣት ተብለው የሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ የተባለ መርዝ እንዳለባቸው በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ምርመራዎች ተረጋግጧል። ከጠዋት ፀሐይ ሸሽቶ ወደዚያ መሄድ ከጥላ ተነሥቶ እሳት ውስጥ መግባት ነው።

«ልጄን ዓይን ይበላብኛል» የምትል እናትም አለች። ዓይን እውነት መሆኑን እናምናለን። ግን መከላከያው የጠዋትና የማታ ዚክርና ዱዓ እንጂ ልጅን ዓመት ሙሉ በብርድ ልብስ መጠቅለል አይደለም። ቀርታችሁለት፣ ቢስሚላህ ብላችሁ አውጡት።

ጥንቃቄም አንዘንጋ። የቀትር ፀሐይ ይጎዳል፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ጥላ፣ ባርኔጣ ወይም ዣንጥላ መያዝ ይገባል። ፀሐይን በቀጥታ ማየት ዓይንን ይጎዳል። ቆዳቸው ነጭ ሆኖ ለተወለዱ አልቢኖ ወገኖቻችን ፀሐይ አደገኛ ስለሆነ ከሐኪም ጋር ይመካከሩ፤ ለእነሱ ጥላ ያለበት ደጅ ይበቃል። በክረምትም ቢሆን ዝናቡ ሲያባራ ብቅ የምትለውን ፀሐይ መሻማት ነው። በረመዳን ደግሞ ከዐስር በኋላ ባለው ቀዝቀዝ ያለ ሰዓት ቀስ ብሎ መራመድ ፆመኛን አይጎዳም። እግሩ የጎበጠ፣ መራመድ የዘገየ ልጅ ያለው ቤተሰብ ግን «ፀሐይ አሞቀዋለሁ» ብሎ አይቀመጥ፤ ሕክምና ያስፈልገዋልና ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው።

መጀመሪያ ላይ ያነሣሁት ልጅ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ወሰደ። እናቱ በየጠዋቱ ይዛው ትወርድ ጀመር፤ እሷን ያዩ ሌሎች ሁለት እናቶችም ልጆቻቸውን ይዘው ወረዱ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ዛሬ ይሄዳል። የእናቱን የወገብ ሕመም ግን ማንም አልጠየቃትም ነበር፤ እሷም በራሷ አልተናገረችም። ባሏ ሲጠይቃት ነው «ሁለት ዓመቴ» ያለችው። ታክማ አሁን እየተሻላት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በተለይ የቤት አባወራዎች፣ በዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ማታ ከዒሻ ስትመለሱ በቤታችሁ ያለውን እያንዳንዱን ሰው «ዛሬ ስንት ጊዜ ደጅ ወጣህ? ስንት ጊዜ ወጣሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰባት ቀን ጠይቁና መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉት። የእናንተ አምስት ሆኖ የእሷ ዜሮ ከሆነ የጠዋቷ ፀሐይ በር አንኳኩታ፣ ከፋች አጥታ እየተመለሰች ነው ማለት ነው። ቤተሰብ አማና ነው፤ የተጠየቅንበት ቀን መልስ እንዲኖረን ዛሬ በሩን እንክፈት።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፣ ልጆቻችንን ያጽናልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።